ለመሳሳት ዱዓ ያደረግኩበት ጁምዓ

ሰው ሁሉ ትክክል መሆን ይወዳል አይደል? እኔ ግን በዕድሜዬ አንድ ቀን፣ ከጁምዓ ሶላት እስከ መግሪብ ድረስ፣ መሳሳት አምሮኝ ያውቃል። እንዲያው ዝም ብሎ ማማር እንዳይመስላችሁ። ልሳሳት ብዬ ዱዓ አድርጌያለሁ።

ነገሩ የቅርጫት ኳስ ነው። አትሳቁ፣ ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ጅዳ ውስጥ፣ በግዳዲያ ሠፈር፣ ኢንጂነር ተፈራ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የውሃ ቧንቧ መሐንዲስ። ታናሽ ወንድሙ አሜሪካ ይማራል። ይሄ ወንድም የዚያን አገር የቅርጫት ኳስ ጥሎ ማለፍ ከቴሌቪዥን በቪዲዮ ካሴት እየቀዳ ይልክለታል። ካሴቱ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጨዋታው ካለቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አሸናፊው ዋንጫውን ስሞ፣ ለእረፍት ሄዶ፣ ምናልባትም ትንሽ ወፍሮ፣ እኛ ገና «ማን ያሸንፍ ይሆን?» እያልን እንጨቃጨቃለን።

ሁለት ቡድን እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛል፤ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያልፋል። ካሴቱ ከመግባቱ በፊት ሁላችንም ማን እንደሚያሸንፍና በስንተኛው ጨዋታ እንደሚያሸንፍ እንናገራለን። ገንዘብ የለበትም፤ ቁማር ሐራም ነው። የተሳሳተ ሰሃን ያጥባል። ስምንት ወንደላጤ ሥጋና ሩዝ የበላበትን ሰሃን አጥባችሁ ታውቃላችሁ? ካላጠባችሁ ቅጣቱ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ተፈራ አገር ቤት የቀበሌ ጸሐፊ ነበርና ትንበያችንን በቃለ ጉባኤ ይዞ ያስፈርመናል። አብዮቱን ሸሽቶ ሲመጣ ቃለ ጉባኤውን ይዞት መጥቷል።

የቡድኖቹን ስም አፋችን አልለመደውም። በማልያቸው ነው የምንጠራቸው፤ አረንጓዴዎቹ፣ ቢጫዎቹ፣ ቀዮቹ። ቀዮቹን የሚደግፍ ሰው አልነበረም። ቀይ ነገር አገር ቤት ጠግበን ነው የመጣነው።

እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ሙዓቂብነት ነበር፤ የሰው ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ መሮጥ ማለት ነው። ኢቃማ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ አሳድሳለሁ፣ ማኅተም አስመታለሁ፣ ዕቃ ከጉምሩክ አወጣለሁ። የተፈራንም ካሴት የማወጣለት እኔ ነበርኩ። ጉምሩኩ ጥቅሉን ይከፍታል፣ ያያል፣ እኔ መልሼ እጠቀልለዋለሁ። ታዲያ ወንድምየው ካሴቱን በምን ይጠቀልለው ነበር መሰላችሁ? በጋዜጣ። በየትኛው ገጽ? በስፖርቱ! እንግሊዝኛዬ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቁጥርና የቡድን ስም ግን አነባለሁ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ሳላስበው አየሁት። ሁለተኛውን አስቤ አየሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰሃን ሳላጥብ ኖርኩ። ተፈራ ምስኪን የተጫዋቾቹን ቁመት ደምሮ ለአምስት እያካፈለ ነው የሚተነብየው። እኔ ግንባሬን አሸት አሸት አደርግና «አረንጓዴዎቹ፣ በስድስተኛው» እላለሁ። ይሆናል። ሰው ሲገረምብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልደብቃችሁ? የሚያስገርም ሌላ ነገር አልነበረኝም።

እንዲህ እያለሁ መካ ውስጥ ልቤ ተሰረቀ። ሐጂ ይመር የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸውም መስገጃና መቁጠሪያ ሙስበሃ የሚሸጡ። ወረቀታቸውን ላስጨርስላቸው ቤታቸው ሄድኩና ፎርም ሞላሁ። ፎርሙን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለስ በእርሳስ ሦስት ቦታ ታርሟል። እጅ ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ማን አረመው ብላቸው፣ ልጄ ዘይነባ ናት፣ አረብኛው ደካማ ነው አለች አሉኝ። አለቀልኝ። ከዚያ ወዲያ ሆን ብዬ እየተሳሳትኩ መሙላት ጀመርኩ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ስህተት አድርጌ ብሰድ፣ ሁሉንም አርማ ከግርጌው «ይሄ ሰውዬ ሆን ብሎ ነው» ብላ ጽፋ መለሰችው። ያቺን ወረቀት ለቢሮው አላስገባኋትም። እስከ ዛሬ አለችኝ።

ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። ከመሃላችን ንግግር የሚያውቀው ተፈራ ነው፤ ግን ክርስቲያን ስለሆነ መካ አይገባም። ሹመይሲ ኬላ ሲደርስ ይመልሱታል። የቀረኝ አብዱ ነው። አብዱ በጅዳና በመካ መሃል ታክሲ ይነዳል። ልበ ቅን ነው፤ ምላሱ ግን ፍሬን የለውም።

አብዱ ሄዶ አሞገሰኝ። ጨዋ ነው አለ። ሶላቱን አያሳልፍም አለ። ምናለ እዚያ ላይ ቢያቆም! ሐጂ ዝም ሲሉበት ያላሳመናቸው መሰለው። «ደግሞ ሐጂ፣ ምን የመሰለ ስጦታ አለው መሰለዎት! ነገሩ ሳይታይ ያውቃል። ካሴቱ ሳይከፈት አሸናፊውን ይናገራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስቶ አያውቅም ወላሂ!» አላቸው።

ሐጂ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ አሉ። «አስተግፊሩላህ! ገይብን፣ የተሰወረውን፣ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ለጠንቋይ ልጅ አልሰጥም። ኸላስ!»

አብዱ ይሄን ሲነግረኝ ላንቀው ምንም አልቀረኝም። መልሼ ላክሁት። ጠንቋይ አይደለም፣ እንደ ማንም ሰው ይገምታል፣ እንደ ማንም ሰው ይሳሳታል በላቸው አልኩት። ሐጂ አስበው አስበው፣ እንግዲያው ሲሳሳት በዓይኔ ልይ፣ የሚመጣው ጁምዓ ጅዳ እወርዳለሁ አሉ።

ደስ አለኝ። ከመሳሳት የቀለለ ምን አለ? ጋዜጣውን አያለሁ፣ ያሸነፈውን አውቃለሁ፣ ሌላኛውን እጠራለሁ። በቃ፣ ዘይነባን አገባሁ ማለት ነው።

ያን ሰሞን ለፍጻሜ የሚያደርሰው ዙር ላይ ነበርን፤ ቀዮቹና አረንጓዴዎቹ። አራቱ ጨዋታዎች ቀድመው መጥተው አይተናቸዋል። ቀዮቹ ሦስት ለአንድ ይመራሉ። ትንበያው ሁለተኛው ጥቅል እስኪመጣ ይቆይ ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ተፈራ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት ጥቅሉን ላወጣ ጉምሩክ ሄድኩ። ሰውዬው ከፈተው፣ ጋዜጣውን ዘረጋው። ለካ በአንደኛው ገጽ የዋና ልብስ ማስታወቂያ ኖሯል፤ ከነለባሿ! «መምኑዕ!» ክልክል ነው ብሎ ጋዜጣውን ጨመደደና ከቆመበት ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። ገባለት። ካሴቱን በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። እኔ ግን ቆምኩ። እባክህ ጀርባውን ብቻ ልይ ብዬ ለመንኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ሚስት የለህም ወይ አለኝ። እሷን ላገባ ብዬ ነው እኮ ስለው አባረረኝ።

ችግሬ ገባችሁ? ሰው አስተማማኝ አድርጎ ለመሳሳት መጀመሪያ ትክክሉን ማወቅ አለበት። ሁለት ዓመት አውቆ አሸናፊ የነበርኩት ሰውዬ እንደ ማንም ሰው መገመት ልጀምር ነው። በገመትኩት ላይ ደግሞ ዘይነባ ተንጠልጥላለች።

ተፈራን በዘዴ ጠየቅኩት። ሦስት ለአንድ የተመራ ቡድን፣ ከእንግዲህ ሦስቱንም በተከታታይ አሸንፎ ሊያልፍ ይችላል? ተፈራ እስክሪብቶ አውጥቶ ደመረ፣ አካፈለ፣ በሂሳብ አይሆንም አለ። ተፈራን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ጁምዓ ደረሰ። ሐጂ ይመር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከአብዱ ጋር መጡ። ከፊት አስቀመጥናቸው፤ ተበላ። ተፈራ ቃለ ጉባኤውን ገለጠ። ሁሉም ቀዮቹ፣ ቀዮቹ አለ። ተራዬ ሲደርስ ግንባሬን እንኳ ሳላሽ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አረንጓዴዎቹ፣ በሰባተኛው!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተፈራ እስክሪብቶውን አንጠልጥሎ አሞሃል ወይ አለኝ። ጻፍ አልኩት። ሐጂ ፈገግ ብለው «ማሻአላህ፣ እንደ ሰው ነው የሚያስበው» አሉ።

ወንድምየው ካሴት ቆጣቢ ስለሆነ የየጨዋታውን መጨረሻ ብቻ ነው የሚቀዳው። ሦስቱም በአንድ ከሰዓት ይታያሉ። አምስተኛውን አረንጓዴዎቹ ለጥቂት አሸነፉ። ምንም አይደል፣ አንድ ነው አልኩ። በስድስተኛው ቀዮቹ በሰፊው ይመሩ ስለነበር ተረጋግቼ ሁለተኛ ሰሃን ሩዝ ጀመርኩ። ሩዙን ሳልጨርስ ተደረሰባቸው። ሲያልቅ አረንጓዴዎቹ አሸንፈው ወጡ። የአየር ማቀዝቀዣው እየነፈሰብኝ ላብ አጠመቀኝ። የዓስር ሶላት ላይ ግንባሬ መሬት እንደነካ ቶሎ አልተነሳሁም። ጌታዬ፣ ቀዮቹን እርዳቸው አልኩ! አስቡት እስቲ፣ በዚያ ዘመን፣ ቀዮቹ ያሸንፉ ብሎ ዱዓ የሚያደርግ የደሴ ልጅ!

ሰባተኛው ተጀመረ። የገረመኝ ሐጂ ናቸው። ወንበራቸው ጫፍ ላይ ወጥተዋል። አረንጓዴው ቀለም ስቧቸዋል መሰለኝ፣ «በል እንጂ ያ ረጅሙ! ወርውር! ያላ!» ይላሉ። እኩል ሆኑ። አንዱ ገባ። ዳኛው ነፋ። አረንጓዴዎቹ በአንድ ነጥብ አሸነፉ።

ሐጂ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠንቋይ!» አሉ። «አብዱ፣ መኪናህን አስነሳ።»

ምን ላድርግ? በሩን ዘጋሁባቸው። «ሐጂ፣ ጠንቋይ አይደለሁም! ኮራጅ ነኝ!» አልኩና ዘረገፍኩት። ጋዜጣውን፣ ጥቅሉን፣ ሁለቱን ዓመት። ተፈራ ቃለ ጉባኤውን ወደ ኋላ እየገለጠ የእያንዳንዱን ጁምዓ ቀን ያያል፤ ፊቱን ማየት ከበደኝ።

«ወላሂ በል!» አሉኝ ሐጂ።

«ወላሂ ኮራጅ ነኝ!»

ልብ በሉ፤ ይሄ እውነት ነው።

«የዛሬውንም?»

አንገቴን ደፋሁ። እኛ ዘንድ አንገት የደፋ ሰው አምኗል ማለት ነው። በአፌ አልዋሸሁም፤ በአንገቴ ዋሸሁ። በዕድሜዬ ከራሴ አውጥቼ የተነበይኩት እሱን ብቻ ነበር፤ ኮርጄው ነው ብዬ ጣልኩት።

ሐጂ በረጅሙ ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ፣ ውሸታም ብቻ ነው! ውሸታም ተውበት ያደርጋል። ሙዓቂብ ደግሞ ድሮስ ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉና ፍርዳቸውን ሰጡ። ሌላውን ያሳጠብኩትን የሁለት ዓመት ሰሃን እኔ ላጥብ፤ ከዚያ ኒካው ይታሰራል። ተፈራ በቃለ ጉባኤ ያዘው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ስለዚህ ልጆቻችሁን አትዋሹ ስትሉ እኔን አትጥሩኝ፤ እኔ ሚስቴን ያገኘሁት ውሸታም ነኝ ብዬ ዋሽቼ ነው።

በቀደም ለት፣ ልጆቹም አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ፣ ከዘይነባ ጋር ምሳ በልተን ተቀምጠን ሆዴ አልችል አለ። ነገርኳት። የዚያን ቀኑን ጋዜጣ ላይ አላየሁትም፤ ከራሴ አውጥቼ ነው የተናገርኩት አልኳት።

«ወላሂ?» አለች።

«ወላሂ!» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

ትንሽ አሰበችና ስልኩን ሳብ አደረገች። «እንግዲያው አባቴ ጠንቋይ ሲሉህ እውነታቸውን ነበራ። ልደውልላቸው?»

ሰሃኖቹን ሰብስቤ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።