ክትባት በውክልና

ታላቅ ሰው ሁሉም ቦታ ራሱ እየተገኘ ራሱን አያባክንም። ይህን ረቂቅ ጥበብ ለጉለሌ ሰዎች ያስተማሩን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ የሺጥላ ናቸው። ችግኝ ተከላ ሲታወጅ እንጦጦ ወጥቶ ጉድጓድ የሚቆፍረው ወኪላቸው ነበር፤ የጽዳት ዘመቻ ሲመጣም መጥረጊያ የሚይዘው ያው ወኪላቸው፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ጌጡ። ጌጡ ለምን እሺ እንደሚል የጠየቀ የለም፤ የሸማኔዎች ክር የሚታደለው በቀበሌው በኩል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለንና።

ታዲያ ጓድ የሺጥላ ልምድ ለመቅሰም ወደ አንድ ወንድማዊ ሶሻሊስት አገር እንዲሄዱ ተመረጡ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ለጥቂት ሳምንታት ስብሰባ የለም ማለት ነው። ነገር ግን የፈንጣጣ ክትባት ያልወሰደ መንገደኛ ድንበር አያልፍም ተባለ።

ሊቀ መንበሩ መርፌ ይፈራሉ የሚል አሉባልታ አድኃሪያን ነዝተው ነበር። ሐሰት ነው! እርሳቸው ፊታቸው የሚገረጣው ገና መርፌው ሳይታይ ነው፤ ሰው ያላየውን ነገር እንዴት ይፈራል? ጌጡን አስጠሩት።

«ጓድ ጌጡ፣ ክንድህን ለአብዮቱ ትሰጣለህ?»

«በአንድ ክንድ መሸመን አይቻልም እኮ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ተመላሽ ነው። በስሜ ተከትበህ ትመጣለህ፣ በቃ።»

«እኔ ተከትቤ እርስዎን ያድናል?»

«ችግኙን የተከልከው አንተ፤ የተመሰገነው ማን ነው?»

ጌጡ ክትባት ጣቢያ ሄዶ «ስም?» ሲባል «ጓድ የሺጥላ» አለ። ከታቢው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት፤ ጌጡም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» ተባለ። ክንዱ አብጦ ሰነበተ፣ ሲድንም ጠባሳ ጣለበት። ቢጫው የክትባት ካርድ ግን በሊቀ መንበሩ ስም ተጽፎ ሊቀ መንበሩ ኪስ ገባ።

በሽኝቱ ዕለት በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብንና ጓድ የሺጥላ ስለ መንገደኛ ጤና ንግግር አደረጉ።

«ተላላፊ በሽታ ኢምፔሪያሊስት ነው፤ ድንበር አያከብርም! ስለዚህ በባዕድ አገር ያልፈላ ውሃ አልጠጣም! ያልታጠበ ፍሬ አልበላም! ከጓዶች ጋር እንኳ ቢሆን ጉንጭ ለጉንጭ አልሳሳምም!»

እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። እኔማ ፊት ወንበር ላይ ስለነበርኩ ማቆሚያውን አጥቼ ሌላው ከተቀመጠ በኋላም አጨበጨብኩ። ከዚያም በከበሮ ሸኘናቸው።

አውሮፕላን ማረፊያ የጤና ተቆጣጣሪው ካርዳቸውን አገላብጦ አየና፣ «ደህና፤ አሁን እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ፣ ጠባሳውን ልይ» አላቸው።

«ጠባሳው እዚህ የለም። ወኪሌ ክንድ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ወኪልዎ ይሂዱ።»

«ተጓዡ እኮ እኔ ነኝ!»

«ፈንጣጣውም የሚፈልገው ተጓዡን ነው፣ ጓድ።»

አውሮፕላኑ ጥሏቸው በረረ። በከበሮ የተሸኘ መሪ በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ቢታይ ደግሞ የአብዮቱ ውርደት ነው። ስለዚህ ጓድ የሺጥላ ነጠላ ተከናንበው፣ ቁስቋም ግርጌ ወዳለው ቤታቸው ሾልከው ገቡና መስኮቱን ዘጉ። እኛም «ሊቀ መንበራችን ልምድ በመቅሰም ላይ ናቸው» የሚለውን የቀበሌውን ማስታወቂያ በየዕለቱ እያነበብን እንኮራ ነበር።

በተደበቁበትም የጤና መመሪያቸውን አልጣሱም። መመሪያው የወጣው ለባዕድ አገር ነውና የሰፈራችንን ምንጭ ውሃ ሳይፈላ ይጠጡ ጀመር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ፣ «ዝናቡ አደፍርሶታል፤ ኧረ ላፍላልዎት» ቢሏቸው፣ «የአገሬን ውሃ አልጠረጥርም!» አሉ። ብዙም ሳይቆይ የአንጀት ተስቦ አልጋ ላይ ጣላቸው።

ትኩሳቱ ሲብስ ወይዘሮ ገበያነሽ አለቀሱ። በዚህ ላይ አልቀልድም፤ ሰውየው ዓይናቸው እያየ እየሞቱባቸው ነበር።

«ኧረ ሐኪም ቤት እንሂድ!»

«ውጭ አገር ነኝ እኮ። ምን ብዬ ልሂድ?»

«እዚሁ ሊሞቱብኝ ነው?»

«ጌጡን... ጌጡን ጥሪልኝ።»

ጌጡ ሸማውን አቋርጦ መጣ። ሕመሙን አንድ በአንድ አዳምጦ፣ እንዳይረሳው በቃሉ እየደጋገመ ወደ ጤና ጣቢያ ገሰገሰ። ሲመለስ ባልና ሚስት እጁን አዩ። ባዶ ነበር።

«መድኃኒቱስ?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

«ሁሉንም የራሴ ሕመም አስመስዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ራሱን፣ ሆዱን፣ ብርድ ብርድ ማለቱን፣ አንድም አላስቀረሁም። ሙቀት መለኪያው ተሰብሮ ስለነበር በቃሌ አመኑኝ። መድኃኒት ግን ገበያ ወጥቶ ይሸጣል ተብሎ በእጅ አይሰጥም። መርፌውን ወጉኝ፤ ኪኒኑንም ቆመው እያዩ አስዋጡኝ።»

«እኔስ?» አሉ ጓድ የሺጥላ፣ ድምፃቸው ከትራሱ በላይ ሳይሰማ።

ጌጡ የተወጋበትን ዳሌውን እያሸ ጠጋ አለና፣ በሌላው እጁ ግንባራቸውን ዳሰሰ።

«ገና ነው፣ አልበረደልዎትም» አለ ከልቡ አዝኖ። «አይዞዎት ጓድ ሊቀ መንበር፤ ነገም ሌላ መርፌ ቀጠሮ አለኝ።»