ከእትዬ ዘሐራ ጓሮ የተረፈው የድንጋይ ሽበት

የፕላዝማ ትምህርት የደረሰባችሁ ታስታውሱታላችሁ። እኔ ያኔ መካነ ሰላም ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ አስተምር ነበር ከተባለ። የሚያስተምረው ቴሌቪዥኑ ነው። ተማሪዎቼ ደብተር ገልጠው ሳይጨርሱ ርዕሱ ያልቃል።

አንድ ቀን «ሞስ» አለና፣ ሥር የለውም፣ አበባ የለውም፣ ጥላና እርጥበት ይወዳል ብሎ ጠፋ። አንዷ ተማሪዬ ታዲያ በምን ይቆማል ስትል ጠየቀችኝ። በዓይኗ እንድታይ የምን ቤተ ሙከራ አለን?

ቤት ስገባ ግን መልሱን ጓሮ አገኘሁት። የተከራየሁት እትዬ ዘሐራ ግቢ ነው። ከቧንቧው ሥር፣ ፀሐይ የማይደርሰው ድንጋይ ላይ፣ አገሬው የድንጋይ ሽበት የሚለው ለስላሳ ነገር ተነጥፏል። አረንጓዴ ሽበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስሙ ግን ይኸው ነው። ሐሙስ ተማሪዎቼን ላመጣ ወሰንኩ።

ለካ እትዬ ዘሐራም ወስነዋል። ልጃቸው መዲና ከስድስት ዓመት በኋላ ረቡዕ ከጅዳ ልትገባ ነው። እሳቸውም ድንጋዩን በዶማ ይፍቃሉ። ሻጋታ ነው፣ አረብ አገር ነጭ ሴራሚክ ላይ ኖራ መጥታ ይኼን ትይ ወይ አሉኝ። ለትምህርት ነው ብዬ ብለምናቸው፣ ከቧንቧው ሥር ሰፌድ የምታህል ተዉልኝ።

እውነቱን ለመናገር የጨነቃቸው ሽበቱ አልነበረም። የልጅቷ ድምፅ በስልክ ቀዝቅዞባቸዋል። የማላውቃት ሴት ብትመጣብኝስ ብለው ነው።

ረቡዕ መዲና መጣች። ግቢው በሰው ሞልቷል። ፈገግ ትላለች፣ ግን እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እናቷም ደጋግመው እንኳን ደህና መጣሽ ይሏታል። ኋላ ለሶላት ውዱእ ላድርግ ብላ ወደ ቧንቧው ሄደች። የእኔን ሰፌድ ረገጠቻት።

ስንደርስ መሬት ላይ ዘጭ ብላለች። እትዬ ዘሐራ ወዲያው አሳበቁብኝ፤ የመምህሩ ነው አሉ። መዲና ግን ሽበቱን በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ልጅ ሆና እዚያው ስንቴ እንደወደቀች ነገረችን። ሳቋ መጣ፣ ከሳቁ ኋላ እንባዋ።

«እማ፣ ሌላውን የት አደረስሽብኝ?» አለች።

እትዬ ዘሐራ እርጥቡ ድንጋይ ላይ አጠገቧ ቁጭ ብለው አቀፏት። ለጎረቤቱም እሷው ናት፣ የኔው መዲና ናት እያሉ አለቀሱ።

ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ ነበር። ሐሙስ ተማሪዎቼ ሲመጡ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ሽበቱ በበጋ ደርቆ የሞተ መስሎ ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚነሳ ያስረዳቻቸው እሷ ነች። እኔ አዳመጥኩ። ለአንድ ወር የመጣች ልጅ ሁለት ወር ወጌሻ ጋ ተመላለሰች፤ አድራሿ እኔ ነበርኩ። ጅዳ ቀረ። በዓመቱ ኒካህ አሰርን።

በቀደም ጎረቤታችን እትዬ ሶፊያ መጡ። ልጃቸው ከዱባይ ልትገባ ነውና ከሽበቱ ቁራጭ ስጠኝ፣ ቧንቧዬ ሥር ልትከለው አሉኝ። እኔም እንደ መምህርነቴ፣ ሽበት ሰው እንደማያጋባ በሳይንስ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አብሽር መምህር፣ ሽበቱ ይቅር» አሉ። «ያላገባ አስተማሪ ካለ ግን አንድ ባዶ ክፍል አለኝ።»