የጉምቦ ጠበቃ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩ፣ በየሠርግ ኮሚቴው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ሁሉ ተቆርጦ፣ ሰው ወንበሩን ገፍቶ ሊነሳ ሲል እጁን ያወጣና ስለሌለ ሰው ይጠይቃል። «የዘበኛውስ ምሳ?» «ዘግይተው የሚመጡትስ?» «የሚጾሙትስ?» የሚሟገትላቸው ሰዎች አልላኩትም፣ ወኪላቸውም አላደረጉት። ቢሰሙ ራሳቸው ይገረሙ ነበር። እሱ ግን ቆሞ ይከራከራል፤ እናንተ ደግሞ ርቧችኋል፣ ቤታችሁ መግባት ትፈልጋላችሁ።

ጁባ፣ ማንጋቴን ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ሬዲዮ ጣቢያ ይህ ሰው ኢንጂነር ከፍያለው ይባላል። ቀን ቀን በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የመገናኛ ባለሙያ ነው። ከሥራ ሲወጣና ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለጣቢያዋ በነፃ አንቴና ይነድፋል፣ ዘንግ ይቆርጣል፣ ምሰሶ ላይ ይወጣል። የሐሙስ ፕሮግራም አቅራቢዋ አግነስ «ክቡር ኢንጂነር ከፍያለው፣ የሌሉ ሰዎች አምባሳደር» ብላ ሰይማዋለች። ስሙን ስትጠራው ቤቱ በሳቅ ያውካካ ነበር። ዛሬ ያን ሳቅ ስታስታውስ አንገቷን ትደፋለች።

ሳቁ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ቀን ሁለቱ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ ሊነቃነቅ ሲል ከፍያለው የሾፌሩን ወንበር ይደበድብ ጀመር። «ቁም፣ ቁም፣ ከኋላ የምትሮጥ ሴትዮ አለች።» ተሳፋሪው በላብ ተጠምቆ ጠበቀ። ሴትዮዋ ጆንያዋን ተሸክማ እያለከለከች ደረሰች፣ በመስኮቱ ገልመጥ አድርጋቸው አለፈችና ሌላ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ከኋላ ወንበር በጁባ ዓረብኛም በዲንካም የስድብ ናዳ ወረደበት። እሱ እቴ። «የኛን ፈልጋ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ አረፈው።

የገና ዕለት ደግሞ የጣቢያዋን ሠራተኞች ፎቶ ላንሳ አለ። «ዳር ያሉት አልገቡም» እያለ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ «ዘበኛው አልገባም» ይልና ሌላ እርምጃ ይጨምራል፣ እንዲህ ሲል ሲል ከአጥሩ ሥር ያለው ቦይ ውስጥ ገባ። ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዘበኛው ገብቷል፣ በአጥር የምታይ ጎረቤት ገብታለች፣ ሁለት ፍየሎችም ገብተዋል። የማንም ፊት ግን አይለይም።

ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። የጣቢያዋ ማሠራጫ አቅሙ ትንሽ ነው። ድምፁ በአራቱም ማዕዘን ሲበተን ለማንም የማይጠቅም ሹክሹክታ ይሆናል። ስለዚህ የጣቢያዋ ኃላፊ ማማ ሞኒካ፣ ድምፁን በአንድ ወገን የሚሰበስብ አንቴና እንዲሠራ አዘዙ። ወገኑም ምዕራብ እንዲሆን ተወሰነ፤ አድማጭ የሚበዛው በዚያ ነውና። ሁሉም ተስማማ። ሰው ሊነሳ ሲል ያ እጅ ወጣ።

«ጉምቦስ?»

ጉምቦ ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ፣ በምሥራቅ ያለው ሰፈር ነው። አግነስ ጣራውን እያየች ተነፈሰች።

«አንቴና ጉልበት አይፈጥርም» አለ ከፍያለው፣ ሁለት እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ትይዩ እያስቀመጠ። «ረጅሙን ዘንግ ከኋላ፣ አጭሩን ከፊት ስናስር ድምፁ ወደ አጭሩ በኩል ይሰበሰባል። ለፊቱ የሚሰጠውን ከጀርባው ነው የሚወስደው። ወደ ምዕራብ ካዞርነው ጉምቦ ጀርባ ላይ ይቀራል። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፤ የዘንጎቹን ርዝመትና ርቀት ቀይሬ ለጀርባም ትንሽ የሚተርፈው አድርጌ ልንደፈው።»

«ትንሽ ማለት ስንት ጊዜ ነው?» አሉ ማማ ሞኒካ።

«የዝናቡ ወቅት እስኪያልፍ።»

«ካላስ፣ በቃ፣ ኢንጂነር» አለች አግነስ። «የሁሉንም ዕዳ ተሸክመህ አትችለውም። ጉምቦን የሚለየን አንድ ድልድይ ነው። መስማት የፈለገ ተሻግሮ ይምጣ።»

ቤቱ ሳቀ፣ ስብሰባው ተበተነ። ከፍያለው የታዘዘውን ሠራ። ሥራው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያማረ ነበር። በምዕራብ በኩል ካሉት ሰፈሮች ስልኩ ይጎርፍ ጀመር። «እናንተ ደግሞ ቤታችን ገባችሁ» ይሉ ነበር ደዋዮቹ። ማማ ሞኒካም ለሁሉም ለስላሳ ጋበዙ። ከፍያለው የሱን እንደያዘ ወደ ምሥራቅ እያየ ቆመ፤ አግነስም «ክቡር አምባሳደሩ ሀገራቸው ናፈቃቸው» ብላ አሾፈችበት።

አግነስን ያሳደጓት አጎቷ ማጃክ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ሳሉ፣ የራሳቸው ልጅ ሳይኖራቸው፣ ራሽን ተሰልፈው፣ ቦርሳዋን ተሸክመው ትምህርት ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው። አንቴናው ከተሰቀለ በኋላ ከእሷ ቤት ወጥተው ጉምቦ አንድ ክፍል ተከራዩ፤ ሽማግሌ ሰው የራሱ በር ያስፈልገዋል ብለው። ስልካቸው ገበያ ግፊያ ውስጥ ተሰርቆባቸው ሌላ አልይዝም ብለዋል። አግነስም መላ አገኘች። በየሐሙሱ ፕሮግራሟን ስትዘጋ በአማርኛ «ጉምቦ ያለኸው አጎቴ ማጃክ፣ እንደምን ሰነበትክ? ልጅህ ደህና ናት» ትላለች። ይህን ብላ ማይክሮፎኑን ስትዘጋ ሄዳ የጠየቀቻቸው ያህል ልቧ ያርፍ ነበር። ድልድዩ ላይ መጨናነቅ አለ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ቦዳቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት አቧራ ያለብሳል፤ ምን አደከማት፣ ሰላምታዋ በየሳምንቱ እየደረሰ?

ከፍያለው በየስብሰባው መጨረሻ «ጉምቦስ?» ማለቱን አልተወም። አግነስ እሱ ማጋነን ይወዳል ብላ ነገሩን ከጆሮዋ አላስገባችውም። እዚሁ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው እንዴት ሬዲዮ አይሰማም?

ዝናቡ አልፎ አንድ ቅዳሜ፣ አዲስ ጋቢ ገዝታ ጉምቦ ሄደች። የአጎቷን በር የማታውቀው ሰው ከፈተላት። ከጎን ካለው የሣር ዳስ፣ እዚያ ራኩባ ከሚሉት ጥላ ሥር፣ አንዲት ሴት ተነስታ መጣች። ያር ትባላለች፤ እንደ አግነስ ኢትዮጵያ ያደገች ናትና በአማርኛ አነጋገረቻት።

«ሬዲዮ ላይ የምትናገረው ልጃቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። አጎቴ የት ሄደ?»

«በጀልባ ወደ ቦር ከተማ። ከዚያም ወደ መንደራቸው። ከሄዱ ቆዩ።»

አግነስ ጋቢውን እንዳቀፈች ቆመች። ያር ወንበር ሰጠቻትና ቀስ ብላ ነገረቻት። ሽማግሌው ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው እዚህ ጥላ ሥር ሬዲዮ ይከፍቱ ነበር። «ልጄ ትናገራለች፣ ዝም በሉ» ይላሉ። ከሬዲዮው የሚወጣው ሽሽሽ ብቻ ነው። ሬዲዮውን ያዞሩታል፣ አጥር ላይ ያስቀምጡታል፣ ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል። መጀመሪያ «አሟት ይሆናል» አሉ። ቀጥሎ «ሥራ በዝቶባት ነው» አሉ። ጎረምሶቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ኋላማ «ሽማግሌው ጭራሽ ልጅ የላቸውም» ተባለ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን አልከፈቱትም።

«ሰላምታ እልክለት ነበር እኮ» አለች አግነስ። «በየሳምንቱ።»

«አልደረሳቸውም» አለች ያር፣ ሳትቆጣ። «መምጣቱስ አልሆነልሽም?»

አግነስ ጋቢውን ጭኗ ላይ እያጣጠፈች መላ ፈለገች። ወደ መንደሩ ስልክ አይደርስም። የመኪናውም መንገድ ገና አልደረቀም። ደግሞስ ሰው ቢላክ ምን ይበላቸው? ያሳደገኝን ሰው መጠየቅ ለሬዲዮ ሰጥቼው ነበር ይበልልኝ?

በነጋታው ከቅዳሴ በኋላ ከፍያለውን ከምሰሶው ሥር አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው። ብዬሽ ነበር እንዲላት ተዘጋጅታ ነበር፤ እንዲያውም ቢላት ይቀላት ነበር። እሱ ግን በእጁ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እኔም አልሄድኩም» አለ።

«የት?»

«ጉምቦ። ጉምቦስ፣ ጉምቦስ እያልኩ ስለፈልፍ አንድ ቀን ድልድዩን ተሻግሬ ሬዲዮ ከፍቼ አላዳመጥኩም። እዚያ ጥላ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌ አይቼ ብመጣ ኖሮ አትስቁም ነበር። እናንተን ከመጨቅጨቅ በቀር ምን ሠራሁ?»

አግነስ ያን ሁሉ ጊዜ ያፌዘችበትን ሰው ትኩር ብላ አየችው። በዚህች ከተማ ለአጎቷ የተከራከረላቸው እሱ ብቻ ነበር፤ ያውም ሳያውቃቸው። ሲያደክማት የኖረውን ያን ጠባይ በዚያች ሰዓት ወደደችው።

ለጀርባም የሚተርፈው አዲሱ አንቴና ጊዜ ፈጀ፤ በዚህኛው ጊዜ ማንም አላጣደፈውም። ምዕራቦቹ ከጥራታቸው ጥቂት አጡ፣ አንዳንዶቹም ደውለው አጉረመረሙ። በተሰቀለ በመጀመሪያው ሐሙስ ከፍያለው ሬዲዮ ይዞ ድልድዩን ተሻገረና የያር ዳስ ጥላ ሥር ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀመጠ። አግነስ ፕሮግራሟን ስትዘጋ እንዲህ አለች። «የጉምቦ ጎረቤቶች፣ እዚያ ይኖር የነበረው ማጃክ አጎቴ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው። ልጅ አለኝ ሲላችሁ እውነቱን ነበር።»

ማይክሮፎኑን እንደዘጋች ደወለችለት።

«ተሰማ?»

«ጥርት ብሎ።»

«ምን አሉ?»

«ማንም አልሳቀም። ጎረምሶቹ አቀርቅረዋል። ያር ደግሞ ሽማግሌው የሚቀመጡበትን ቦታ አሳየችኝ።»

አግነስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ጠበቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ጥያቄ ነበረው፤ እሷም ትቆጣው ነበር። ዛሬ ቢጠይቃት፣ «ቦርስ?» ቢላት፣ የምትሰጠው ነገር ባይኖራት እንኳ ደስ ባላት ነበር። ከፍያለው ግን አልጠየቀም። የእነሱ ምሰሶ ድምፁን የት ድረስ እንደሚያደርስ ያሰላው እሱ ራሱ ነው፤ ቦር ከዚያ ውጭ ናት።