በአፈሳ ዘመን ከፍ ብሎ መዝለል

መዝለል ያስፈራል ብላችሁ ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ! በደርግ ጊዜ መቱ ከተማ ጂምናስቲክ አልሠራችሁማ። እኔ የምፈራው መውደቅን አልነበረም። አሳምሮ መዝለልን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰልጣኛችን ጋሼ ወርቁ ባሕር ማዶ ሠልጥነው ሲመለሱ አዲስ ልምምድ ይዘውልን መጡ። መገለባበጥና በእጅ መቆም ብቻውን አይበቃም፣ እግራችሁ ፈንጂ መሆን አለበት አሉን። በጦርነት ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ይመረጣል? ከሳጥን ላይ እንወርዳለን፤ እግራችን መሬት እንደነካ ሳንቆይ ወደ ላይ እንስፈነጠራለን። ከዚያ አጭር ሩጫ፣ ነፍስ እስኪወጣ። ፍራሻችን የቡና ገለፈት የተጠቀጠቀበት ጆንያ ነው፤ በዝናብ ርሶ እንደ አተላ ይሸታል። ያም ሆኖ ብዙም ሳይቆይ እንደ ጉሬዛ መዝለል ጀመርን።

ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ጊዜው የአፈሳ ነው፤ ጎረምሳ የተባለ ከመንገድ እየታፈሰ ጦር ሜዳ ይላካል። የሚያሳፍሰው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልምምዳችንን ሊያይ ይመጣል ተባለ። እናቴ ጠራችኝና፣ ልጄ፣ ያን ቀን እንዳትፈጥን፣ ዐይን ውስጥ እንዳትገባ አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ ግን ከእሷም ይብሳሉ። ልጃቸውን ገመቹን ማነከስ አስተማሩት። እሱ ደግሞ እኛን። ተረከዝ ሥር ጠጠር ማድረግ ነው፤ የትኛው እግር እንደታመመ አትረሱም።

ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ታጥቆ መጣ። ጋሼ ወርቁ በኩራት ፊሽካ ነፉ። ገመቹ እያነከሰ ሄደና ሳጥኑ ላይ መውጣት አቃተው። "ያ ዋቅ! አምላኬ! ጉልበቴን ነው፣ ጓድ!" ቀጣዩም አነከሰ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም።

የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። ወደ ጋሼ ወርቁ ዞረና፣ "የአብዮቱን ልጆች ሰባብረህ ስፖርት ትለዋለህ? ይሄ አሻጥር ነው!" አለ።

አሻጥር! በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው ቤቱ አያድርም። የጋሼ ወርቁ ከንፈር ሲደርቅ አየሁ።

የቀረሁት እኔ ነኝ። ባነክስ እሳቸው ይታሰራሉ፤ ብዘል እኔ እዘምታለሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ፈርቼ ነበር። ግን እኚያን ሰው ሲታሰሩ ማየት አልቻልኩም። ጠጠሯን ከጫማዬ አወጣሁና ሮጥኩ። ከሳጥኑ ወረድኩ፣ ተስፈነጠርኩ፣ አየር ላይ ተገልብጬ ጆንያው ላይ ቆምኩ። ፍርሃት ይህን ያህል እንደሚያስዘልል ባሕር ማዶም አላስተማሯቸውም።

ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። ይሄ ልጅ በአብዮት በዓል ክፍለ ሀገሩን ያኮራል፣ ማንም እንዳይነካው አለ። እፎይ ልል ስል ወደ አንካሶቹ ዞረ። "ምሽግ ውስጥ መዝለል ማን ጠየቃችሁ? ተኝቶ መተኮስ ነው!" አለና ነድቷቸው ሄደ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኛ እኮ ጠርጥረን ነው የተመነጠርነው!

እትዬ ጫልቱ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ፣ እናቴ ልታጽናናቸው ሄዳ ከመንገድ ተመለሰች። የእሷ ልጅ ቤት ነዋ።

በማግስቱ ጋሼ ወርቁ ባዶው ሜዳ ላይ ብቻዬን አቆሙኝ። ፊሽካም አልነፉ። "እባክህ ልጄ፣ ከፍ በል" አሉኝ በለሆሳስ።

ከፍ አልኩ። ዝቅ ያለ የት እንደሚሄድ አይቻለሁ።