የሐዋ ቤትና የእንደራሴው ወንበር

ሰው የማይዋሰው ነገር ጥቂት ነው። ለሰርግ ካባ ይዋሳል፣ ለሐዘን ድንኳን፣ ለእንግዳ ፍራሽ፣ ፍርድ ቤት ለመቅረብ ደግሞ ጫማ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ የተረተው ሰው ድሬዳዋ መጥቶ የምርጫችንን ታሪክ ቢሰማ ኖሮ ቃሉን ይመልስ ነበር። እኛ ዘንድ የሰው ቤት አድምቋል። ፓርላማ ድረስ አድርሷል።

የምርጫ ወረዳችን በየአራት ዓመቱ አንድ እንደራሴ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ለመምረጥ ዕድሜና ነዋሪነት ይበቃል፤ ለመመረጥ ግን በወረዳው ውስጥ ንብረት ሊኖርህ ይገባል። ሕጉ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ምርጫ ያለፉት አንድ ባለርስት ናቸው። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከመጋላ ሰፈር ቤትና ሰው እየጠረገ ሲሄድ «ግንብ አሠራለሁ» ብለው ሁለት ጊዜ ተመረጡ፤ ስለ ግንቡ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አረፉ።

በሦስተኛው ሕዝቡ «ደምሴ ይግባልን» አለ። ደምሴ የባቡር ጥገና መካኒክ ነው፤ አማርኛውንም ሶማልኛውንም ኦሮምኛውንም ያቀላጥፈዋል፣ አለቃ አይፈራም። ጉድለቱ አንድ ነበር። የሚኖረው በመሥሪያ ቤቱ ቤት ስለሆነ በስሙ አንዲት ድንጋይ እንኳ አልነበረችውም።

መፍትሔውን ያመጣችው ሐዋ ናት፤ መጋላ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት የሶማሌ ሴት። የበኩር ልጇን የወሰደው ጎርፉ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ያላትን አንድ ቤት በደምሴ ስም አዛወረች። እስኪመረጥ ብቻ፣ በውሰት።

«ወረቀት አንጻጻፍም?» አልኳት። ከአራቱ የውሰቱ ምስክሮች አንዱ ነበርኩ።

«አቦ ተው አንተ ጋዜጠኛ! ውሰት ነው ብለህ ከጻፍክማ ማን ይመዘግበዋል? ደግሞ ደምሴ እኮ ነው፣ አባዮ የሚለኝ።»

አባዮ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው።

ደምሴ በእልልታ አለፈ። ከረባት አሰረ፤ «አቶ» ሆነ። ሐዋ ቤቷን ስትጠይቀው «ንብረት ከሌለኝ ወንበሬን ይነጥቁኛል፣ አባዮ» አላት። ታገሠች። አራት ዓመቱ ሲያልቅ ብትጠይቀው «እንደገና ልወዳደር ነው» አላት። ስለ ግንቡ ምን እንደ ተናገረ ለማወቅ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ከዳር እስከ ዳር አገላብጫለሁ። ስሙን ያገኘሁት በተገኙ አባላት ዝርዝር ላይ ብቻ ነው። እንቅልፍም መገኘት ነው እንግዲህ።

«ሐዋ ለምን አትከሰውም?» ትሉኝ ይሆናል። በምን ምስክር? እኛ አራታችን አፋችንን ብንከፍት መጀመሪያ የሚወጣው መንግሥትን ማታለላችን ነው። ደምሴ ይህን ከእኛ ቀድሞ አስቦታል። የሚያበሽቀኝም ይኸው ማሰቡ ነው፤ ጎርፍ ሳያስብ ይወስዳል።

ሐዋ ግን ተነሣች። «ወላሂ፣ እኔው ራሴ እወዳደረዋለሁ» አለች። ሕጉ ሴት አይከለክልም። በምዝገባው የመጨረሻ ቀን የመጋላ ሰው ደምሴን እየረገመ ተከትሏት ሄደ፤ እኔም ደብተሬን ይዤ።

መዝጋቢው ጨዋ ሰው ነበር። «በወረዳው ውስጥ ምን ንብረት አለዎት፣ እናቴ?»

«ቤት።»

«በማን ስም ነው?»

«በእንደራሴው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያው የእሳቸው ነው። ለጊዜው የራሱን ቤት በስምዎ የሚያዛውርልዎ ወዳጅ የለዎትም? ሌላው ሰው እንደዚያ አድርጎ ይመጣል።»

ሐዋ ዘወር ብላ አየችን። ባለ ሱቁ፣ ባለ ጋሪው፣ ባለ ወፍጮው፣ ቅድም ከሁላችን በላይ ይጮህ የነበረው ልብስ ሰፊ ሳይቀር ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ ጊዜ ነበረ፤ ማዘጋጃ ቤቱም መንገዱን ተሻግሮ ነው።

እኔ እዚያው ወረዳችን፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በስሜ የተመዘገበ ቤት አለኝ።

በማግስቱ «የድሬዳዋው እጩ ያለ ተወዳዳሪ አለፉ» ብዬ ዜናውን ላክሁ። አሁንም አንዳንዴ እያወጣሁ አነበዋለሁ። አንድም ስሕተት የለበትም።