የእንግሊዝ ርስትና የአባቴ ጥያቄ

የተዋሱትን ዕቃ ቶሎ ካልመለሱት፣ ውሎ ሲያድር መመለሱ ራሱ ያሳፍራል። ወንፊት ከሆነ አጥር ላይ ጥሎ መሸሽ ይቻላል። ሐሳብ ሲሆንስ? እኔ የተዋስኩትን ሐሳብ ይዤ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ያውም የአባቴን!

ሜልቦርን መሃል ከተማ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ስማር፣ አንድ የእንግሊዝ ባላባት ግቢ ከነመሬቱ በየዘመኑ የማን እንደነበረ ጽፈሽ አምጪ ተባልኩ። ከከተማው ዳር፣ ታርኔት ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ቁጭ ብዬ የባለቤቶቹን ዝርዝር ሳነበንብ አባባ ጆሯቸውን ቀሰሩ። አባባ ወጣትነታቸውን በርስት ሙግት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት ክርክር በኋላ ተፈረደላቸው፣ በዓመቱ የአገሩ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ፊርማቸው ዛሬም አውራ ጣታቸው ነው።

«እስቲ ተርጉሚልኝ» አሉ።

ተረጎምኩ። መጀመሪያ የገዳም ነበር፤ ንጉሡ ነጥቆ ለባለሟሉ ሰጠው፤ የባለሟሉ የልጅ ልጅ በቁማር አስበላው፤ ስኳር ነጋዴ ገዛው፤ አሁን ሆቴል ነው።

«በቁማር!» ብለው አማተቡ። «እሺ፣ ጫካውን መንጥሮ ያቀናው አቅኚ ማነው? ከነዚህ አንዱም እጁን ጭቃ አልነካው። ያረሱትስ የት አሉ? ምስክር ሳይጠራ ነው እንዴ የተፈረደው?»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። አንድ አራሽ የለም። የጻፍኩትን ሰርዤ ከአባባ ጥያቄ ጀመርኩ።

ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። መምህሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ይህን ጥያቄ ከየት አገኘሽው?» አለኝ። በጣታቸው የሚፈርሙ ሰው አስተማሩኝ ማለት አፈርኩ። «ከንባብ» አልኩ። ፊደል ያልቆጠሩትን አባቴን መጽሐፍ አደረግኋቸው! አሁን ግን ይሰማልኝ፤ ጥያቄው የአባቴ ነው።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዲት እናት፣ «ይህችን የመሰለች ምሁር እንዴት አድርገው ቢያሳድጉ ነው?» አሏቸው። አባባ፣ «እኔ መሃይሙ ምኔ ገብቶበት!» ብለው ሳቁ። እኔ የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገርኳቸው። መኪና መንዳት ደግ ነው፣ ዓይን ለዓይን አያገናኝም። አደባባዩን ስንዞር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አለቀልኝ አልኩ።

«ታዲያ በቁሜ ወረስሽኝ በይኛ!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። «ከልጄ ሌላ ማን ሊወርሰኝ ኖሯል? ለመሆኑ ስንት ፈረዱልሽ?»

«ከመቶ ዘጠና ሁለት፣ አባባ።»

ሳቃቸውን ገቱ።

«ስምንቱን ማን ወሰደብን?»