ከስንብቱ ማግስት የመጣው ሰው

ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ወይስ የለም ብሎ የሚከራከር ሰው ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል። ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቅ ይበልና አራት ዓመቱን የጨረሰ የዶክትሬት ተማሪ ይይ። የሥራ ውሉ ተዘግቷል፣ ደመወዙ ቆሟል፣ ሰውዬው ግን ይንቀሳቀሳል። እኔ እዚህ ግሮኒንገን ከተማ በአንድ የታሪክ ትምህርት ክፍል ጸሐፊነት ሃያ ሁለት ዓመት ስቀመጥ እንዲህ ያሉትን አሥራ አንድ አይቻለሁ። በየፎቁ አንድ አይጠፋም።

የእኛው ክቡር ሟች ሲብራንድ ቴርፕስትራ ይባላል። የሚያጠናው ባሕር የዋጣቸውን የሰሜን መንደሮች ነው። ውሉ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ አለቀና በወጉ ሸኘነው። ኬኩን እንደ አገሩ ደንብ ራሱ ተሰናባቹ ገዝቶ አመጣ፤ የገዛ ተዝካሩን ደገሰ ማለት ነው። ካርድ ላይ ፈረምንለት፣ የመጽሐፍ መግዣ ኩፖን ሰጠነው። ፕሮፌሰር ሬይንደርስም "ትጎድልብናለህ" ብለው ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቡና ማሽኑ ጋ ስደርስ ኩባያውን ይዞ ቆሟል። ፕሮፌሰሩ ከኋላዬ መጥተው ክው አሉ።

"ሄደህ አልነበር እንዴ?"

"ሄጃለሁ" አለ ሲብራንድ በትሕትና። "አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት የቀረችኝ።"

ይህቺን "አንድ ምዕራፍ" አሥራ አንዱም ብለዋታል። አንዱ አምስት ዓመት ሙሉ ሲላት ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ሲብራንድ ጥቂት በጥቂት መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ኢሜይሉ ሞተ። በሦስተኛው ቀን የበር ካርዱ ተከተለ። ካርዱ ከሞተ በኋላ ሰው በር ሲከፍት ጠብቆ ከኋላ ሹልክ ብሎ መግባት ለመደ፤ በሩን ከፍቼ ብቻዬን የገባሁ ሲመስለኝ፣ ደረጃው ላይ ሁለተኛ እርምጃ ይሰማኛል። የስም ሰሌዳውን ከበሩ ላይ የፈታሁት እኔው ነኝ፤ ሥራዬ ነው። እሱ አጠገቤ ቆሞ "የቀኙ ብሎን ጠማማ ነው፣ ቀስ በዪ" ይለኛል። ሰው የገዛ ስሙ ሲነቀል እንዲህ ተረጋግቶ ያያል?

የክፍሎቻችን መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚበራ ነው። ሲብራንድ ደግሞ ሲያስብ ድርቅ ይላል፤ መብራቱም ሰው የለም ብሎ ይጠፋበታል። በጃንዋሪ እዚህ አገር ገና ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ይጨልማል። አንድ ቀን ማሪት የምትባል አዲስ የዶክትሬት ተማሪ ፊቷ ገርጥቶ ቢሮዬ ገባች።

"አልቲን፣ አራት መቶ አሥራ ሦስት ቁጥር ክፍል ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው አለ!"

"የለም።"

"ኧረ ሰማሁት! ሲተይብ ሰማሁት እኮ!"

"ትሰሚዋለሽ። ግን የለም።"

ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች፤ የራሷ ውል የሚያልቅበትን ዓመት እየቆጠረች ነበር።

ሲብራንድ እንዲህ የሚደበቀው ወዶ አይደለም። አራት ዓመት የሠራ ሰው የሚያገኘው የሥራ አጥ አበል የአራት ወር ነው። አበል ተቀባይ ደግሞ ሥራ ፈላጊ መሆን አለበት፤ ቀኑን ሙሉ ጽሑፉ ላይ ተጎልቶ ከተገኘ "አንተ ለሥራ ዝግጁ አይደለህም" ተብሎ አበሉ ሊቆም ይችላል። አበሉ ከቆመ የቤት ኪራይ የለም፤ ኪራይ ከሌለ ወደ እናቱ ቤት፣ ወደ ገጠር ነው። ወደ ገጠር ተመልሶ ጽሑፉን የጨረሰ ደግሞ እስካሁን አላየሁም። ከአሥራ አንዱ ሰባቱን በዚያው መንገድ ሸኝቻለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሟቻችን በየሳምንቱ ለሥራ ያመለክታሉ። ለዓሣ ጨረታ መዝጋቢነት፣ ለጀልባ ትኬት ቆራጭነት፣ አንዴ እንዲያውም ለአስከሬን ማቃጠያ ቤት አስተናጋጅነት። ማቃጠያ ቤቱ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራው አመድ መስሎ መጣ።

"አልቲን፣ ቢቀበሉኝስ ምን ይውጠኛል?"

ሥራ እንዳያገኝ ስለት የሚሳል ሥራ ፈላጊ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሲመለስ "በዘርፉ ልምድ አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ" አለኝ። "ከሞትኩ ሁለት ወር ሆኖኛል ልላቸው ትንሽ ቀረኝ።" ደግነቱ አልተቀበሉትም።

በፌብሩዋሪ ጉሙ መስኮት ላይ ተለጥፎ በዋለበት ቀን ስልኬ ጮኸ። ከአበል ቢሮ ነው፤ ጨዋ የሆነች የሴት ድምፅ።

"ለማጣራት ያህል ነው፣ ወይዘሮ። አቶ ሲብራንድ ቴርፕስትራ በየቀኑ እዚያ እየመጡ ይሠራሉ?"

ቀና ስል ሲብራንድ ወረቀት ሊለምን መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ከስልኩ ድምፅ ማጉያ ስሙን ሰምቷል። ትንፋሹን እንኳ ያዘ።

"እንዲህ የሚባል ሰው የለንም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ እሱኑ ፊት ለፊት እያየሁ፣ "በር ላይ ስሙ የለም። የፖስታ ሣጥን የለውም። ካርድ የለውም። የለም" አልኩ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፤ በዕድሜዬ ግን ከዚያ የበለጠ ውሸት ተናግሬ አላውቅም። ሴትዮዋ አመሰገነችኝ። ሲብራንድ ዞሮ ሄደ። ከመጀመሪያው በር እስከ መጨረሻው ሲራመድ የመተላለፊያው መብራት አልበራለትም። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ተከትዬው ወጣሁ፤ ለእኔ ወዲያው በራ።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም አልመጣም። ፎቁ ጭር ሲል ነው ለካስ ወራቱን ሙሉ ያንን የትየባ ድምፅ እያዳመጥኩ እሠራ እንደነበር የገባኝ። በአምስተኛው ቀን ቤቱ ደወልኩ።

"እንዴት አድርገሽ እንደተናገርሽው…" አለኝ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "አመንኩሽ እኮ፣ አልቲን። ቤት ገብቼ መስተዋት ለማየት ፈራሁ።"

"አንተ ጅል! እነሱ እንዲያምኑኝ ነው እንጂ አንተ እንድታምነኝ ነው እንዴ? ከአበልህ ስንት ቀን ቀረህ?"

"ሠላሳ አንድ።"

"ነገ ና። በሩን እኔ እከፍትልሃለሁ።"

መጣ። በሠላሳኛው ቀን የመጨረሻዋን ምዕራፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ጽሑፉ ተነቦ በፈታኞች ፊት የሚከላከልበት ቀን እስኪቆረጥ፣ ቀድሞ ያመለከተበት ጀልባ ተቀብሎት ትኬት ሲቆርጥ ከረመ።

እዚህ አገር ጽሑፉን የሚከላከል ሰው ከጎኑ ሁለት ሚዜ ይቆምለታል። አንዱ ሊቅ ጓደኛው ነበር። ሁለተኛዋ፣ በውሰት ጥቁር ቀሚስ፣ እኔ ነበርኩ። አርባ አምስት ደቂቃ ጠየቁት፤ ሥርዓቱን የሚመራው ሰው የያዘውን በትር መሬት መታና ጥያቄው ቆመ፤ ፕሮፌሰሮቹ ወጥተው መከሩና ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲው ሬክተር የዲፕሎማውን ጥቅል ይዘው ሙሉ ስሙን ጠሩ፦ "ሲብራንድ ዮሐኔስ ቴርፕስትራ።"

በሥርዓቱ ያን ጊዜ ሌላ ሰው አይተነፍስም። ግን አፌን ማን ይያዘው፣ "አለ!" ብዬ ጮኽኩ። "እዚህ አለ!"

አዳራሹ ሁሉ ዞረብኝ። ሬክተሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "እያየነው ነው፣ ወይዘሮ" አሉ። ሲብራንድ ዓይኑን ከእሳቸው ሳያነሣ እጄን ያዘ። እጁ ይሞቅ ነበር።